እግሯ እንዳያመልጥ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ለእንግዳ የሚያከራየውን ክፍል ጀሶ ሲያስመታ፣ የረጠበው ጀሶ ሽታ በመስኮት ገብቶ ሥራ አስፈታኝ። ለሌላው ሰው የግንባታ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የታናሽ እህቴ የትርንጎ ሽታ ነው።

ትርንጎ ስትወለድ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ዞረው፣ መርገጫቸው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። መንደሩ የመሰለውን ሲያወራ እናቴ አዝላት ላሊበላ ሐኪም ቤት ወረደች፤ ነርሷም እግሮቿን በእጇ ቀስ አድርጋ እያቃናች እስከ ጭኗ ድረስ በጀሶ ጠቀለለቻቸው። በየሳምንቱ ይፈታል፣ ትንሽ ይቃናል፣ እንደገና ይታሸጋል። እናቴ ፈጣን ስለነበረች፣ ከወገቧ ግራና ቀኝ ብቅ ያሉትን ሁለት ነጫጭ እግሮች ከኋላ እያየሁ "እማዬ፣ ቆይኝ!" ማለት ሥራዬ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትናዋ ሲደርስ ነው። ነርሷ ጀሶውን ውኃ እንዳይነካው ብላለች፤ አያቴ ደግሞ "እግሯን ጠበል ያልነካት ልጅ ተጠመቀች አትበሉኝ" አለች። እናቴ በሁለቱ መሀል ስትጨነቅ ሰንብታ ነርሷን ለመነቻት፤ የዚያን ዕለት ጧት ጀሶው ተፈትቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እንድታመጣት ተስማሙ። "ግን አትቆዩ፤ እግሯ ወደ ነበረበት ይመለሳል" ተባለች። እንግዲህ ቅዳሴ አለ፣ አትቆዩ ይባላል!

ጧት ጀሶውን በውኃ ዘፍዝፈን ላጥነው። ትርንጎ ተጠምቃ እስክትቆርብ ድረስ ክርስትና እናቷ ከላይ ታቅፋት፣ እናቴ ከታች ሁለቱን እግሮች እንደ ዕርፍ ጨብጣ ቆመች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ቄሱ፣

"አንቺ፣ ልቀቂያት እንጂ፤ ልጂቱ የት ታመልጣለች?" አሏት።

"አባቴ፣ እሷስ አታመልጥም፤ የሚያመልጠኝ እግሯ ነው።"

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እግሮቿን በመስቀላቸው ዳሰሱላት። እኛም ቁልቁል ወደ ነርሷ ሮጥን፤ የክርስትናው ጠላ ባለ ክርስትናዋ በሌለችበት ተጠጣ።

ከጀሶው በኋላ በብረት የተያያዙ ትንንሽ ጫማዎች መጡ፤ እያደረገች የምትተኛው እሷ፣ ጎኑን የሚደበደበው አብሬያት የምተኛው እኔ።

ባለፈው እሑድ አሸተን ማርያምን ልንሳለም ስንወጣ ትርንጎ ዳገቱን ጥላኝ ሄደች። ቁና ቁና እየተነፈስኩ "ቆይኝ!" ብላትም ስቃብኝ ቀጠለች። ድንጋይ ላይ አረፍ ብዬ፣ ከታች እናቴ የተቀበረችበትን ደብር አየሁና "እማዬ፣ ይኸው አመለጠችሽ" አልኳት። ብትሰማኝ ምን ነበረበት።