ወይራው ለሰይድ፣ ክትክታዋ ለእኔ

ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ መብራት የጠፋ ምሽት የተረት ምሽት ነበር። ተራቹ ጋሽ ይመር ነበሩ፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ልጃቸውን ሰይድን ይዘው ከሐርቡ መጥተው እናቴን ያገቡ የፋብሪካ ሠራተኛ። ያኔ ኩራዙ ተለኩሶ፣ የከሰሉ ፍም ፊታችንን እያሞቀው፣ ስለ ጅብ ሲያወሩ እናቴና ሰይድ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብ ለእኔ ከሐርቡ የመጣ ነበር።

ገና ሲቃረብ ጥርጣሬዬ ባሰ። በሰፈራችን እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ገና ይጫወታል፤ ጋሽ ይመርም ዱላችንን ራሳቸው ሊሠሩልን ተነሡ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ተራ እንጨት አስይዘው ደጋግመን እንድናወናጭፍ አደረጉን። ትኩር ብለው ሲያዩኝ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም። ከዚያ ማታ ማታ እየተረቱ የዱላዎቹን ጫፍ በፍም እያሞቁ አጎበጡ፤ ለሰይድ ድርቅ ያለ ወይራ፣ ለእኔ ለመጥ ለመጥ የምትል ቀጭን ክትክታ። ለወለዱት ጠንካራው፣ ለእንጀራ ልጅ የተገኘው፣ ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ከእሳቸው ጋር ስትስቅ ደግሞ እሷንም የወሰዱብኝ መሰለኝ፤ በዚያ ቤት እንግዳው እኔ የሆንኩ ያህል ከፋኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ወይራው ይሰጠኝ አልኩ። ጋሽ ይመር ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ሰይድን ጠይቀው፣ ምንም ሳይከራከሩ ቀየሩልን። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ነገር ምን ቢኖርበት ነው?

በማግስቱ ሜዳ ላይ ወይራው ከበደኝ። እኔ ሳወናጭፍ የእንጨት ኳሷ ሩር አልፋ ሄዳለች። አንዴ እንደምንም ስመታት ንዝረቱ ግራ ትከሻዬ ድረስ ዘልቆ መሬት ላይ ቁጭ አደረገኝ። ልጆቹ ሳቁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩት ጋሽ ይመር መጥተው ተንበረከኩና ቀጥታ ግራ ትከሻዬን ያዙ። አባቴ በሕይወት ሳለ ከዘይቱን ዛፍ ወድቄ የተሰበርኩት ያንኑ ትከሻ ነው፤ ከእሱ ሞት በኋላ ጉዳዩን ማንም አንስቶት አያውቅም።

«እናቴ ነገረችዎት?» አልኳቸው።

«ማንም አልነገረኝ። ጄሪካን ስታነሣ ግራ እጅህን ታሸሻለህ። ወላሂ፣ ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ ያቺን ትከሻህን ሳያት ነው የከረምኩ። ወይራ ፈጥኖ ለሚመታ ክንድ ነው፤ ያንተን ክንድ እንጨቱ እንዲያግዝልህ ብዬ ነው ለስላሳዋን የመረጥኩ።»

ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻለሁ። ሰው መጠራጠሩም አልለቀቀኝም፤ ጠባይ ሆኖብኝ ቀርቷል። ግን ክፉውን ስፈልግበት የቆየሁት ሰው ሲያጋጥመኝ ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ያን ሁሉ ወር እኔ ጥፋታቸውን ስፈልግ፣ እሳቸው የሚያመኝን ቦታ ፈልገው አግኝተውት ነበር።