ሁለት ጊዜ ጨው የገባበት የአሳማ ሥጋ

ባለፈው ወር እዚህ ኖርዌይ፣ ኦከርን በሚባል ሰፈር ካለ አንድ መደብር አምፖል ልገዛ ገብቼ፣ በቅናሽ የተደረደሩ ስሎው ኩከሮች ፊት ቆሜ ቀረሁ። ለማያውቀው ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ፣ ጠዋት የጣዱበትን ሥጋ ማታ የሚያወጡበት ድስት ነው። ሻጯ መቆሜን አይታ መጣችና "ተጠቅመሽበት ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አንድ ጊዜ" አልኳት።

"እንዴት ነበር?"

"ሥጋው ለስልሶ ነበር" ብያት አምፖሌን ከፍዬ ወጣሁ። አልዋሸኋትም። ሥጋው በእርግጥ ለስልሶ ነበር።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ኖርዌይ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሃውገሩድ ውስጥ ከአንዲት የአስመራ ሴት ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ሄመሄልፕ ይባላል፤ አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎች ቤት እየዞሩ ማጽዳት፣ መገብየት፣ ልብስ ማጠብ ነው። ያውም ቋሚ አይደለሁም፤ ሰው ሲጎድል የምጠራ ቪካር ነኝ። ባለቤቴ ግርማ አዲስ አበባ ነበር። እሱን ለማስመጣት ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገኛል። አለቃዬ ደግሞ "እስከ ፋሲካ ቅሬታ ካልመጣብሽ ቋሚ ትሆኛለሽ" ብላኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሬታ የሚባለውን ቃል በሕልሜ ሁሉ እሰማው ነበር። የሰው ቤት ስኳር ዕቃ ሳነሳ እንኳ እጄን አላምነውም።

ማክሰኞና ሐሙስ የምሄደው ላምበርትሴተር፣ ኦድቫር የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነበር። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ የትራም ሹፌር ናቸው። በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ሁሉም ሰው "አንተ" ነው፤ እኔም በአፌ "አንተ" እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን አንድም ቀን ከ"እርስዎ" አላወረድኳቸውም። እጃቸው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ጭንቅላታቸው ግን ከኔ የተሻለ ነበር። የግርማን ስም፣ ማመልከቻዬ የገባበትን ቀን፣ ባለፈው ሳምንት የተሳሳትኩትን የኖርስክ ግሥ ሁሉ ያስታውሱ ነበር። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ እሳቸው ግን ግማሹን ውጠው "ቲጊ" ነው የሚሉኝ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ምድጃ ላይ የጣዱት ድንች አርሮ ቤቱ በጭስ ተሞላ። ማንም ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ እኔም ስንት ሽሮ አሳርሬአለሁ። ግን ሰማንያ አራት ዓመት ሲሞላ ድንች ማሳረር ሌላ ስም ይሰጠዋል። በርገን የምትኖረው ልጃቸው ሲሪ ደነገጠች። በፖስታ ስሎው ኩከር ላከችላቸውና በአንድ ውል አሰረቻቸው። ኅዳር ውስጥ ባንዱ ሐሙስ እመጣለሁ፤ አንተ ያሰብከውን፣ አንተ የመራኸውን እራት ካበላኸኝ እስከ ጸደይ ስለ ሲከየም አናነሳም፤ ካልሆነልህ ማመልከቻውን ትፈርማለህ አለቻቸው። ሲከየም የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ገብቶ የሚመለስ ሰው የለም።

"እጅህ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለኝም፣ የሚያነሳልህ ሰው ይኖራል፤ የምፈራው መርሳትህን ነው አለችኝ" ብለው ነገሩኝ፤ እኔ ወለል እየወለወልኩ እሳቸው እግራቸውን አንስተውልኝ። "ስለዚህ አንቺ ታነሺያለሽ፣ እኔ አዛለሁ። ሚስቴ የምትሠራውን የአሳማ ሥጋ ነው የማበላት።"

እዚህ ላይ ሁለት ችግር ነበር። የመጀመሪያው የኮሙኑ፣ የቀጠረኝ የከተማው አስተዳደር፣ ወረቀት ነው። ወለል፣ መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ፣ ግዢ ይላል፤ ምግብ ማብሰል የሚል ነገር የለበትም። ከወረቀቱ ውጪ መሥራት ክልክል ነው። ሲሪ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለችም፤ ከኔ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ በር ሳትቆልፍ ሄደች ብላ ቢሮ ደውላ አስነስታታለች። ሁለተኛው ችግር አሳማው ነው። በዕድሜዬ አሳማ ነክቼ አላውቅም።

ግን የሽማግሌውን ዓይን አይቼ "ያ"፣ አዎ፣ አልኳቸው። እምቢ የሚል አንጀት አላገኘሁም።

ማታ ለቤት ጓደኛዬ ለእማማ ለተብርሃን ነገርኳቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው። "አሳማ? በዚህ ሊጥ በሚያቦካው እጅሽ?" አሉኝ። ቀጥለውም "እናንተ ጴንጤዎች ሁሉም ይበላል ትሉ የለ እንዴ?"

"እንላለን።"

"ታዲያ ለምን አትበይም?"

ሃይማኖቴ ፈቅዶልኛል፣ ያልፈቀደው ጉሮሮዬ ነው አልኳቸው። እስኪያነቡ ሳቁብኝ፤ ጠዋት ስወጣ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንት አገኘሁ።

ሲሪ በምትመጣበት ሐሙስ ጠዋት ብሪንሰንግ ላይ ባቡር ቀይሬ ላምበርትሴተር ስደርስ ዝናብ ይሁን በረዶ ያልለየለት ነገር ይዘንባል። ኦድቫር ሌሊቱን አልተኙም። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በቃላቸው አዘዙኝ፤ ሥጋውን እጠቢ፣ ሽንኩርትና ካሮት ከታች አድርጊ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ውሃ፣ ክደኚው፣ ከዚያ አትንኪው። አንዲትም ነገር አልተሳሳቱም። ጨው የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ያልወጣውም ረስተው አልነበረም። ከዚያ "ትንሽ ጋደም ልበል" ብለው ገቡ።

ሥጋው ከነቆዳው፣ ከነአጥንቱ፣ አንድ ጨቅላ ሕፃን ያህል የሚከብድ የኋላ እግር ነው። ማሸጊያው ላይ "ሌትሳልተት" ይላል። እንግዲህ ከቋንቋ ትምህርት ቤት "ሌት" ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። "ሌትመልክ" ስብ የተቀነሰለት ወተት ነው፤ በየሳምንቱ እገዛላቸዋለሁ። ስለዚህ "ሌትሳልተት" ጨው የተቀነሰለት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። በኖርስኬ ኮራሁ። ለካስ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ ጨው ውስጥ ከርሞ፣ ጨው ጠጥቶ የመጣ ሥጋ ማለት ነው።

ጓንቴን አጥልቄ አጠብኩት። እንዴት እንዳጠብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አገር ቤት ዶሮ በጨውና በሎሚ እንደምናሸው ሁሉ አሸሁት፤ አሳማ ነውና ሁለት ጊዜ አሸሁት። ዶሮ ቢሆን ጨው እስኪለቀው መልሼ መላልሼ አለቀልቀው ነበር። ይኼ ግን ጨው ተቀንሶለታል ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ በላዩ ላይም እፍኝ ሙሉ ነሰነስኩበት። ከደንኩት።

መክደኑንስ ከደንኩት፣ መተዉ ግን አቃተኝ። ወጥ ሳይማሰል ይበስላል ብሎ ማን ያምናል? መስኮት እወለውላለሁ፣ ተመልሼ ክዳኑን ከፈት አደርጋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው ከመኝታ ቤት ድምፃቸው መጣ፤ "ቲጊ፣ ክዳኑን ተይው። በከፈትሽው ቁጥር ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሽዋለሽ።"

"በኛ አገር ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል" አልኳቸው በበር በኩል።

"እኛ እንቁላል እንቀቅላለን" አሉ።

ከመውጣቴ በፊት ግን የመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። መረቁን በማንኪያ ቀዳሁና፣ ልማድ ነውና፣ የግራ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩት። ጓንቴን አውልቄ ነበር። የኛ ሴቶች ጨው የሚቀምሱት እንዲህ ነው። እጄ ወደ አፌ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ከአገጬ ሥር ሲደርስ አሳማ መሆኑ ትዝ አለኝ። አሸተትኩት። ደስ የሚል ሽታ ነበረው፣ አልክድም። ከዚያ ቧንቧ ከፍቼ እጄን ታጠብኩ። አንዲት ጠብታ ብቀምስ ኖሮ በኋላ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ሥጋውን ከድስቱ ላወጣላቸው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ። ውጭው ጨልሟል። ሽታው ከደረጃው ሥር ነው የተቀበለኝ። ኦድቫር ከረቫት አስረዋል። ሲሪ ቀድማ ደርሳ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ታነጥፋለች፤ ረጅም፣ ጎልማሳ፣ መንገድ ያደከማት ሴት። እንደፈራኋት አልነበረችም፤ ጨበጠችኝና አባቷን ስለምረዳላት አመሰገነችኝ። ሥጋውን ሳነሳው አጥንቱ ብቻውን በእጄ ቀረ። እንዲህ የለሰለሰ ሥጋ አይቼ አላውቅም፤ ሹካ ሲነካው ይተኛል።

"ፓፓ፣ ልክ እንደ እናቴ አደረግከው" አለች ሲሪ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። እኔም፣ ለምን እደብቃለሁ፣ እዚያው እንደቆምኩ ቋሚ ሠራተኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። ውሃ ጠጣች፣ ደገመች። "ፓፓ" አለች ቀስ ብላ፣ "ስንት ጨው ነው ያደረግክበት?"

ኦድቫር ቆርሰው ቀመሱ። በዝግታ አኘኩና ዋጡ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ያ አስተያየት ረጅም አልነበረም። ገብቷቸዋል። ማብሰል ከወረቀቱ ውጪ መሆኑን ያውቃሉ፣ ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ እንዴት እንደተባረረች ያውቃሉ፣ የግርማን ስም ያውቃሉ።

"ያ" አሉ፣ "ሁለት ጊዜ ሳልጨምር አልቀረሁም። ረሳሁት።"

ሲሪ አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች። እጇን የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ላይ አድርጋ "ምንም አይደለም፣ ፓፓ" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። የጠበቀችውም የፈራችውም ቃል ያ ነበር፤ ረሳሁት።

እኔ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። የምለው ነገር አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በኖርስክ ሦስት ቃል ነው። "ዴ ቫር ያይ፤ እኔ ነበርኩ።" ሕፃን የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግሡም አያስቸግርም። አፌን ከፈትኩ።

"ድንች ልጨምር?" አልኩ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የኔ ዝምታ ያን ዕለት ወርቅ አልነበረም፤ ያውም ዝም እንኳ አላልኩም፣ ድንች ነው ያቀረብኩት።

ኦድቫር የሲከየሙን ማመልከቻ ያንኑ ሌሊት ፈረሙ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስሄድ ምንም እንዳልተፈጠረ ግሥ አረሙልኝ። የገና ሰሞን አልፎ ክፍል ተገኘላቸውና ሄዱ። ወንበራቸውን፣ የሚስታቸውን ፎቶግራፍና አንድ ሻንጣ ነው የያዙት። ሌላውን ሲሪና እኔ አጥፈን ካርቶን ውስጥ ከተትን። ያኔም ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ያኔም አልነገርኳትም። ከፋሲካ በፊት ቋሚ ሆንኩ። በዚያው በጋ ግርማ መጣ።

አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጃለሁ። መስኮት ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። "ምግቡ እንዴት ነው?" ብላቸው "ጨው የለውም" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላስቻለኝም፤ አለቀስኩና ያን ሦስት ቃል እዚያ አልኩት። እኔ ነበርኩ።

"አውቃለሁ፣ ቲጊ" አሉኝ። "እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ።" ቀጥለውም "ይኼን መስማት የነበረባት ግን እኔ አይደለሁም፣ ሲሪ ነበረች" አሉ። በቁጣ አይደለም፤ የተሳሳትኩትን ግሥ በሚያርሙበት ድምፅ ነው ያሉት። እሺ እነግራታለሁ አልኩ። በሁለተኛው ክረምት አረፉ። ሲሪን ቀብር ላይ አገኘኋት፤ አቅፋኝ "መርሳት ጀምሮት ነበር፣ ምስኪን" ስትለኝ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አዳዲስ ቪካሮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ዙር ስጀምር የ"ሌትሳልተት"ን ነገር አጫውታቸዋለሁ፤ ስህተት መሥራት አያሳፍርም ለማለት ነው። አሳማውን በሎሚ ያሸሁት ጋ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እዚያ ላይ አቆመዋለሁ፤ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የማቆመው። ቤቴም ይታወቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጆቼ "እማዬ፣ የጨዉን ንገሪያቸው" ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ግርማ ነው። ዛሬም ድረስ ስንት ጊዜ ሰምቶት ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም አየዋለሁ፤ ወደዚህ አገር በምን ዋጋ እንደመጣ የማያውቅ ሰው ነው።