በናሙና የመጣው ራም

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ዓይነ ስውር ወጣት ስልኳን አውጥታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ስልኩ የመጣላትን መልእክት ያነብላት ጀመር፤ ያውም በአማርኛ፣ ያውም እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ እየፈጠነ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር ሲልባት አፈረች መሰለኝ፣ ማዳመጫዋን ሰካችና ድምፁ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተቆረጠ። የእኔም ጉዳይ እዚያው ቀረ። ቁጥሬ ተጠርቶ ካለፈኝ በኋላ ጥበቃው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አባት፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ሐሳቤ ግን ሐርጌሳ ነበር፣ ዩሱፍ ዘንድ።

ያኔ ጢሜ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ጥገና ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን በላስቲክ አስለብጬ፣ የሚቀጥረኝ ሳጣ የእናቴ ዘመድ አቶ ገዛኸኝ «እኔ ዘንድ ና» አሉኝ። ሐርጌሳ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ። ከጅግጅጋ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሾፌሩ ደስ ባለው ቁጥቋጦ በኩል እየታጠፈ ነዳው፣ እኔም ወገቤን ይዤ አቶ ገዛኸኝን በሆዴ እየረገምኩ ደረስኩ።

ከተማዋ ከጦርነት ወጥታ ራሷን መልሳ እየሠራች ነበር። ብዙው ቤት ከወገቡ በታች ጥይት የበሳው አሮጌ ግንብ፣ ከወገቡ በላይ አዲስ ብሎኬት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ምስማር ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ይሰማል። አዲስ አበባ ሐምሌ ሲዘንብ እዚያ ነፋስ ነው፤ አሸዋውን ከሲሚንቶው ጋር ደባልቆ ጥርስ ውስጥ ያስገባል። ጠዋት ላሆህ እንበላ ነበር፤ የእኛን እንጀራ የሚመስል፣ ግን አነስ ያለና ጣፈጥ የሚል፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፣ አጠገቡ ሙዝ። ሙዝን ከሩዝ ጋር መጉረስ መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሙዝ የሌለበት ሩዝ አልዋጥ አለኝ። ያልለመድኩት አቧራውን ብቻ ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮችም እንደኔው አልለመዱትም፣ የእኔም ሥራ እነሱን ሳራግፍ መዋል ነበር።

ዩሱፍ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። ድሬ ተምሮ፣ ሐርጌሳ ገብቶ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ጦርነቱ መጣና ከሚስቱ ከሳህራ ጋር መልሶ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሰላም ሆኖ ሲመለሱ ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር የነበረው የአባቱ ቤት ፈርሶ ጠበቃቸው። ዩሱፍ ፍርስራሹን ሲያነሳ ከሥሩ የቀረ ነገር ፈነዳና ሁለት ዓይኖቹን ወሰደበት። እኔ ስተዋወቃቸው ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሳህራ ሻይ ትሸጣለች፣ እሱ ይቀመጣል። ሥራህ ምንድነው ሲሉት «መቀመጥ» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ግን ሰውን አያስቅም ነበር።

መጀመሪያ ቀን እንዳሳደጉኝ «እርስዎ» ብዬ ብጠራው ጭራሽ ተቆጣ። «አቦ፣ ድሬ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። አንተ በለኝ፤ ዓይኔ ነው የሄደው፣ ዕድሜዬ አልሄደም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት፤ በዚያም ምክንያት ይመስለኛል ቶሎ የተወዳጀነው።

ወደ ቢሯችን የመጣው ለሥራ ነው። ድርጅታችን ከእንግሊዝኛ ወደ ሶማሊኛ የሚመልስ ተርጓሚ ይፈልግ ነበር፤ ከናይሮቢ ኃላፊዎች መጥተው ፈትነው ሊመርጡ። ዩሱፍ ደግሞ ለንደን ያለ ወንድሙ የላከለትን ፍሎፒ ዲስኮች በካልሲ ጠቅልሎ ይዟል። በዲስኮቹ ላይ ያለው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና በኪቦርድ የሚመታውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚያነብ ነበር። ለአንድ ዓይነ ስውር መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አቶ ገዛኸኝ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ግን የቢሮ ሰው ነበሩ። «ማሽኑ ካነበበለት እንደማንም ይወዳደራል። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነብለት ሌላ ሰው ልቀጥርለት ግን አልችልም» አሉ። በሁለቱ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የውጭ ፕሮግራም መጫን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተከልክሏል። መጋዘን የተጣለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ እሱን ተጠቀሙበት አሉን።

ያንን ኮምፒውተር አስነሳሁት፣ ተነሳም። ፕሮግራሙ ግን አልከፈት አለ፤ ሜሞሪው አይበቃም ይላል። ውስጡ ሜሞሪውን የሚይዙ ሁለት ትናንሽ ራሞች አሉ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ከሥራቸው በወርቅማ ጥርስ የተደረደሩ። ኮምፒውተሩ ራም የሚቀበለው በጥንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ቢወጣ ሌላው ብቻውን አይሠራም። የሁለቱ የቢሮ ኮምፒውተሮች ራም ደግሞ ረጅም ስለሆነ ማስገቢያው ውስጥ አይገባም። የነበረን ምርጫ አንድ ነበር፤ ርዝመታቸው ያው ሆኖ ሜሞሪያቸው ተለቅ ያለ ሁለት ራሞች ከዱባይ ማስመጣት።

ሐርጌሳ ላይ ዕቃ ከዱባይ የሚመጣበት የራሱ ደንብ አለው። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ዓዊል የሚባል መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ከበርበራ በመርከብ ይሄዳል፣ ለከተማው ሁሉ ያመጣል። ትእዛዝ በወረቀት አይቀበልም። የተበላሸውን ወይም ያረጀውን ዕቃ ራሱን ይቀበልና በክር ያስራል፣ ክሩ ላይ የባለቤቱን ስም ያንጠለጥላል፣ ዱባይ ሲደርስ እያሳየ «እንዲህ ያለ» እያለ ይገዛል። ሱቁ ውስጥ የመኪና ኩሽኔታ፣ የቧንቧ ራስ፣ የመነጽር እግር ሳይቀር በክር ታስሮ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ይህ አሠራር ከተማ ሙሉ መኪና አስነስቷል፣ እኔ አልንቀውም።

እኔ የራሙን ዓይነት ከኮምፒውተሩ መጽሐፍ ላይ በጥንቃቄ ገልብጬ ሰጠሁት። ዓዊል ወረቀቱን እንኳ ሳይዘረጋው «ናሙናውን» አለኝ። አንዱ ከወጣ ኮምፒውተሩ እንደማይሠራ ብነግረው ትከሻውን ሰበቀ። የወሰነው ዩሱፍ ነው። «አሁንስ መቼ ይሠራል? ለእኔ ካላነበበ ሣጥን ነው። ስጠው» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለነበር ሰጠሁት። እንደዚህ ያለ፣ ግን ተለቅ ያለውን ብዬ በቃልም አስረዳሁት። ዓዊል ወረቀቴን ተቀበለኝ፣ ራሙን ጠቀለለበት፣ ክር አሰረበት።

ዓዊል እስኪመለስ ዩሱፍ ኪቦርዱን ለምኖኝ ወሰደ። ሼክ ኑር ቤታቸው ስሄድ ጭኑ ላይ አድርጎት አገኘው ነበር፤ ገመዱ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ። የፊደሎቹን ቦታ አንድ ጊዜ አስያዝኩት፣ ከዚያ በራሱ ገፋበት። ቀኑን ሙሉ ይመታል። ትክክል ይምታ አይምታ የሚያውቅ የለም፤ ሳህራ ፊደል አልቆጠረችም፣ እሱ አያይም፣ ኪቦርዱ አይናገርም። ሻይ ጠጪዎቹ ይስቁበት ነበር። «ምን ጻፍክ?» ስለው «ደብዳቤ» ይለኛል። ለማን ብዬ አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለ ተስፋ ሲያዩት ያስፈራል፣ እኔም ወደ ሻዬ ነበር የማቀረቅረው።

ዓዊል ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተመለሰ። ሁለት አዳዲስ ራሞች አመጣ፣ አሮጌው ግን የለም። የዱባዩ ባለሱቅ «ይሄን አሮጌ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ ዓዊልም ትልቁን ካገኙ ትንሹን አይፈልጉትም ብሎ ተወው።

በማግሥቱ ጠዋት የቢሮው ጀነሬተር እንደተነሳ ዩሱፍና ሳህራ ኪቦርዱን ይዘው መጡ። ዩሱፍ አዲሱንና የቀረውን አሮጌ ራም በሁለት እጁ ያዘ። ጥርሶቹን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጠርዙን ዳሰሰ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቁርጥ ዳሰሰ። ደጋግሞ አቀያየራቸው። «ወላሂ አንድ ናቸው» አለ፤ ፊቱ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። እኔም አየሁ፣ ለዓይንም አንድ ናቸው። ጥርሳቸውን በላጲስ አሸሁ፣ አስገባሁ፣ አበራሁ።

ኮምፒውተሩ ጮኸ። ራሙን ያልተቀበለ ኮምፒውተር ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ ይላል። ቦታ ቀየርኩ፣ ጮኸ። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አጣመርኩ፣ ጮኸ። ዩሱፍ «ምን እያለ ነው?» ሲለኝ ራሞቹን አውጥቼ ጥርሳቸውን እንደገና አሸሁ። ሳህራ በር ላይ ቆማ በከንፈሯ ዱዓ ታደርጋለች። ላቤ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በክንዴ እየጠረግኩ እንደገና ነቅዬ እንደገና ሰካሁ።

ከዚያ አንዴ ተነሳ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሜሞሪው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቆጠረ፣ ከቀድሞው አለፈ፣ ዊንዶውስ መጣ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ተከፈተ። ኪቦርዱን ፊቱ አስጠጋሁለትና «ጻፍ» አልኩት። ዩሱፍ ሳይቸኩል መታ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፤ አንዲት ፊደል አልሳተም። ያ ሁሉ በባዶ የተመታ ኪቦርድ በከንቱ አልነበረም። ስሜ ዩሱፍ ነው፣ ማንበብም እችላለሁ ብሎ ነው በእንግሊዝኛ የጻፈው። መጨረሻ ላይ አንብብ የሚለውን ቁልፍ ነካ፤ ከድምፅ ማጉያው ጉንፋን የያዘው የሚመስል የወንድ ድምፅ ወጣ።

«ማይ ኔም ኢዝ ዩሱፍ ኤንድ አይ ካን» አለ።

እዚያ ላይ ቆመ። ስክሪኑ እንዳለ ደረቀ። ዩሱፍ አንገቱን ወደ ማጉያው ሰበር አድርጎ ጠበቀ፤ እኔ ማውሱን አንቀሳቀስኩ፣ ምንም። ብዙ ከጠበቀ በኋላ የቀረችውን «ሪድ» የምትለዋን ቃል በራሱ አፍ ቀስ ብሎ ተናገራት፣ ማሽኑ ተከትሎት እንደሚል ሁሉ። ማሽኑ አልተከተለውም። አጥፍቼ ሳበራው ወደ ጩኸቱ ተመለሰ፣ ያን ሳምንት ሙሉም ያንኑ ጩኸት ብቻ ጮኸ።

ምክንያቱን አዲስ አበባ ላለው አስተማሪዬ በሳተላይት ስልክ ደውዬ ነው ያወቅሁት። ራሞቹ መልካቸው አንድ ቢሆንም አሠራራቸው ሁለት ዓይነት ነው። አዲሱ ዓይነት ከእኛ ኮምፒውተር በኋላ የመጣ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ልዩነቱን የምታሳየው ስም እኔ በገለበጥኩት ወረቀት ላይ ነበረች። ዓዊል ሲሰማ ራሱን ይዞ «ወላሂ መጠቅለያ መስሎኝ ነው» አለ፤ ከልቡም አዘነ። በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ አመጣለሁ አለ፤ የሚቀጥለው ጉዞ ግን ከፈተናው በኋላ ነው፣ ያ ዓይነት ራምም መሠራቱ ከቆመ ቆይቷል። አሮጌውም ጥንዱ ስለጠፋ ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ሞተ። አቶ ገዛኸኝን አንዴ ሲያነብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብዬ ለመንኳቸው። «አንዴ ብሎ ሥራ የለም ልጄ» አሉኝ። የናይሮቢዎቹ መጡ፣ ሌላ ሰው ቀጠሩ፣ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ዩሱፍ ወደ ቢሮ አልመጣም። ሳህራ ግን አንድ ቀን ይዞት ተመልሶ የነበረውን ኪቦርድ በሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። በስደቱ ዘመን በለመደችው አማርኛ፣ እያየችኝ ሳይሆን መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ውሰደው። ጣቱ አልተኛም አለ። ብርድ ልብሱ ላይ ይጽፋል።»

ኢንሻላህ አንድ ቀን ብዬ ጀመርኩ፤ እሷ ግን ሳትቆጣ፣ ደክሟት ብቻ፣ እጇን አወናጨፈችና ሄደች። ኪቦርዱን ሳገላብጠው ጥቂት ፊደሎች ከመመታት ብዛት ጠፍተዋል። በዓመቱ እኔም አገሬ ገባሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አቶ ገዛኸኝን ልቅሶ ቤት ሳገኛቸው ስለ ዩሱፍ ጠየቅኋቸው። ሞቷል አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ አግኝቶ ነበር ወይ ስላቸው የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከባንክ ቤት ስወጣ ልጅቱ ደረጃው ላይ ቆማ በስልኳ እየተሳሳቀች ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽ ብሎኝም ይሆናል። ሰዎች የቴክኖሎጂን ነገር ሲያነሱ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል ይላሉ። ለማን እንደሚደርስ አይናገሩም። ለዩሱፍ አልደረሰም፤ ምንም ያህል ስልክ ቢናገር እሱ አይሰማውም፣ ይህን የሚያቀልልኝ ሐሳብ ፈልጌ አላገኘሁም። ያለኝ ያ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ብቻ ነው። ስሙን ጠርቶ፣ ይችላል ብሎ፣ ምን እንደሚችል ሳይናገር ቆመ። የተናገረውን ያህል ግን እውነቱን ነው። ይችል ነበር።