የቀኝ ጎን መርፌ፣ የግራ ጎን መርፌ

እስቲ እዚያ ረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ የቆመችውን ሴት ተመልከት። ፊቷን አይደለም፣ እጇን። አርባ ድርብ ጨርቅ ከፊቷ ተነጥፏል። በላዩ የወረቀት ልክ አስቀምጣ ዙሪያውን በጠመኔ ትከተለዋለች። ጠመኔው አይንቀጠቀጥም፣ አይመለስም፣ አይሳሳትም። ከዚያ የመቁረጫውን ማሽን ታስነሳና አርባውን ጨርቅ እንደ አንድ ትቆርጠዋለች። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ቆርጣለች። ከዚህ ፋብሪካ የወጣ የሥራ ልብስ፣ የነርስ ጋውን፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ መጀመሪያ በእሷ እጅ አልፏል። በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ መቀስ» ናት።

ሰው ግን እጇን አያይም። የሚያየው ወገቧን ነው። በር ስትገባ «ጠበበሽ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ወንበር ስትስብ «ምን በደለሽ ምስኪኑ?» የሚል አለ። ቀልድ ነው ይሉታል። ቀልድማ የሚባለው ሁለቱም ወገን ሲስቅ ነው። ሰው በገዛ ሰውነቱ ሲሳቅበት መልስ ሲያጣ አብሮ ይስቃል፤ መቀስም ሃያ ዓመት አብራ ስትስቅ ኖረች። ምግብ ቀንሳ ታውቃለች፣ ቁርስ ትታ ታውቃለች፣ በእግሯ ሄዳ ታውቃለች። የቀነሰው ሁሉ ወለዱን ይዞ ተመለሰ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ማን ያምናታል?

በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ጉልበቷ ከዳት። ከሰዓት በኋላ በአንድ እግሯ መቆም ጀመረች። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጠረጴዛው የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ሦስት ወር ሰጣት። ካልተሻላት ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውራ፣ ተቀምጣ ሸሚዝ እያጠፈች ላስቲክ ውስጥ ትከታለች። ማሸግ ውርደት አይደለም፤ የሚያሽጉትም ሰዎች ናቸው። ግን መቀስን ከጠረጴዛው አንስቶ ማሸጊያ ማስቀመጥ ሹፌርን ከመሪው አንስቶ ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ ነው። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ብዙ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ክሊኒክ ሄደች። ዶክተሯ ጥሩ ሴት ናት። ክብደቷን መዘነች፤ መቶ አራት ኪሎ። ደሟን አስመረመረች፤ ስኳሩ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ከዘመድ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው እንዳለ፣ እሷም ቆሽቷን ታማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በሕይወቷ ማንም ነግሯት የማያውቀውን ነገረቻት፤ ውፍረት የስንፍና ቅጣት እንዳልሆነ፣ ሰውነት የለመደውን ክብደት ላለመልቀቅ ረሃብን እየቀሰቀሰ እንደሚታገል። እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ አዘዘችላት። በሳምንት አንድ ቀን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ምግብ ከሆድ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፣ ለአእምሮም «በቃ፣ ጠግበናል» ይለዋል። ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። በትንሽ ተጀምሮ በየወሩ ይጨመራል፤ ሆድ መልመድ አለበትና።

ይህ ሁሉ የተነገረው በስምንት ደቂቃ ነው። ውጭ ተራ ጠባቂው በሩን ያንኳኳል። ስምንት ደቂቃ! ሰው ስልክ ሲገዛ እንኳ ግማሽ ሰዓት ይብራራለታል። መቀስ ልትነሳ ስትል ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ 0.25 የሚለውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይሄ ግማሹ ነው፤ በግማሽ ነው የምንጀምረው» አለቻት።

ግማሽ። ይህችን ቃል ያዝ።

ልብስ ቆራጭ ዘንድ ግማሽ ማለት ሌላ ነገር ነው። የሰው ጀርባ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ሙሉ ጀርባ የሚስል ቆራጭ የለም። ከመሐል እስከ አንድ ጎን ብቻ ወረቀት ላይ ይሳላል። ጨርቁ ይታጠፋል፣ የወረቀቱ ጠርዝ እጥፋቱ ላይ ይገጠማል፣ ይቆረጣል። ሲዘረጋ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የወረቀቱን ልክ በፋብሪካው ማንም «ልክ» ብሎ አይጠራውም፤ «ግማሹን አቀብዪኝ» ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ቆራጭ ጨርቁን ሳያጥፍ ግማሹን እንዳለ ቆርጦ አርባ ባለ አንድ ትከሻ ጋውን አምርቶ ነበር። እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። መቀስ ለሚማር ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ናት፤ ቀኝ ካለ ግራ አለ።

እንግዲህ እሁድ ጠዋት በሯን ዘጋች። እጇን ታጠበች፣ እስክሪብቶው ጫፍ ላይ አዲስ መርፌ ገጠመች፣ ቁጥሩን 0.25 ላይ አደረገች፣ ከእምብርቷ በስተቀኝ አራት ጣት ለክታ ወጋች፤ ስድስት ቆጥራ ነቀለች። አልተሳሳተችም። ከዚያ ሌላ አዲስ መርፌ ገጠመች፣ እንደገና 0.25 አደረገች፣ በስተግራም አራት ጣት ለክታ ወጋች። ሁለቱ ነጥቦች በመስታወት ሲታዩ ፍጹም ትይዩ ነበሩ፤ ደስ አላት። በቀኙ ብቻ ብወጋው፣ አለች በልቧ፣ ቀኜ ከስቶ ግራዬ ቢቀርስ? ለእንዲህ ዓይነት ገላ ማን ይቆርጣል?

ሳቅ፤ ግድ የለም። ስትጨርስ ግን ለዚህ መልስ ስጥ፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ መላ ሰውነት እንደሚደርስ ማን ነገራት? ማንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ ነበር። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብላ ቻለችው። በሁለተኛው እሁድ እንደገና ቀኝና ግራ ወጋች። ሰኞ ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። ማክሰኞ የማሽኑ ዘይት ሽታ ሦስት ጊዜ ከአዳራሹ አስወጣት። የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቁልፍ የምትተክለዋ ሴት ወሬ ጀመረች። ይህችን ሴት ራዲዮ ይሏታል፤ በጆሮዋ የገባ ነገር ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ጋ ይደርሳል። የጎረቤቷ የእህት ልጅ «የመክሻ መርፌ» ወግታ ሆዷ ደርቆ መቅረቱን፣ አንጀቷ እንደ ሻማ መቅለጡን አወራች። ስለ መቀስ መርፌ የምታውቀው ነገር አልነበረም። የባሰውም እሱ ነው፤ ለመጉዳት ብላ ብትናገር ኖሮ መቀስ ባላመነቻት።

ረቡዕ ጨርቅ ላይ ያሰመረችው መስመር አንድ ጣት ያህል ጎበጠ። ሰው ሳያይ በእጇ አበሰችው። እሷ ግን አይታዋለች።

ሁለት መንገድ ብቻ ታያት። መርፌውን ብትጥል ጉልበቷ እንዳለ ይቀራል፤ ማሸጊያ ክፍል ትገባለች። ባትጥል ሆዷ ይደርቃል። ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ መጠየቅ። ግን መጠየቅ ማለት «ለመክሳት መርፌ እወጋለሁ» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ነው። ይህን የሰማ ሰው ምን እንደሚል እናውቃለን። «አፍሽን ብትዘጊ አይሻልም?» ይላል። ለራስ ምታት መድኃኒት የሚውጥን ሰው አፍህን ዝጋ የሚለው የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን እንተርታለን፤ በሽተኛውን የሚያስደብቀው የእኛ ምላስ መሆኑን ግን አንተርትም።

ሐሙስ ቀደም ብላ ከሥራ ወጣችና ቤቷ ገብታ መርፌውን በጋዜጣ ጠቀለለችው። ቆሻሻ መጣያው ጋ ስትደርስ ታናሽ እህቷ ከኋላዋ ቆማለች። እህቷ አስተማሪ ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም። ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጫለሽ እንዴ፣ እታለም? ሁለት ሳምንት ከእንቁላሉ ጀርባ ሳየው ነው የከረምኩት።»

መቀስ አንገቷን ደፋች። ካወቀች ለምን ዝም እንዳለች እህቷን ጠየቀቻት። እህቷ እስክትነግራት እየጠበቀች እንደነበር መለሰች፤ ከዚያ ልብሷን እንድትለብስ፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ እንዲደርሱ አጣደፈቻት። መቀስ ነገ አለች። ነገ የለም፣ አለች እህትየዋ፣ ከንፈርሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሕመም ጠየቃት፤ ሆዷን አጥብቆ ይወጋት፣ ወደ ጀርባዋስ ያልፍ እንደሆነ። አያልፍም፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ብቻ ነው። ሽንቷንስ? ከጠዋት ጀምሮ አንዴ። ፊቱ ኮስተር አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ አልጠየቃትም። «በትክክል ነው የሚወስዱት?» ቢላት «አዎ» ነበር መልሷ፤ ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ የሰጠ ሰው የለም። እሱ ግን ከመሳቢያ መድኃኒት የሌለው መለማመጃ መርፌና አንድ ስፖንጅ አወጣ። ባለፈው እሁድ ያደረጉትን ያሳዩኝ፣ አላት።

አሳየችው። ገጠመች፣ ቁጥሩን አዞረች፣ ስፖንጁ ላይ አራት ጣት ለካች፣ ወጋች፣ ስድስት ቆጠረች። በእጇ ተገረመ። ከዚያ መቀስ መዳፏን ዘርግታ ሌላ መርፌ ጠየቀች።

«አለቀ እኮ፣ እናቴ።»

«የግራው ቀረ።»

«የግራው ምን?»

«የግራው ጎን ነዋ፣ ልጄ። ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ።»

ባለሙያው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገው። እህቷ ወደ ጥርስ ሳሙናዎቹ መደርደሪያ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማን እንዲህ እንዳላት ሲጠይቅ ዶክተሯ እንደሆነች ነገረችው፤ ግማሹ ነው ብላለች። አሁንም እንዳልገባው ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ። ባንኮኒው ላይ ያለውን የወረቀት ከረጢት አንስታ ለሁለት አጠፈች፣ በጣቷ አንገትና ብብት አድርጋ ቀደደች፣ ዘረጋችው። የሕፃን ሰደርያ ሆነ።

«እንዲህ» አለችው። «ግማሽ ማለት እንዲህ ነው።»

ያኔ ገባው። አልሳቀባትም፤ ስህተቱ የእሷ ሳይሆን የቃሉ መሆኑን ነገራት። መድኃኒቱ በተወጋበት ጎን አይቀመጥም፤ ከየትም ይግባ በደም መላውን ሰውነት ያዳርሳል። ዶክተሯ ግማሽ ያለችው የሚቀጥለውን ወር መጠን ግማሽ ማለቷ ነው። ሩቡ ሚሊግራም ለሳምንቱ ሙሉ ነው፤ ሌላ ወገን የለውም። መቀስ ከመጀመሪያው ቀን የሁለተኛውን ወር መጠን ስትወስድ ነበር የከረመችው፤ ሆዷ ገና ሳይለምድ።

የያዘችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሆዴ አልደረቀም?»

«አልደረቀም፣ እናቴ። ደንግጦ ነው።»

ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣ። ከዚያ ሳቀች፤ እህቷም ከጥርስ ሳሙናዎቹ ጋ ሳቋን ለቀቀችው፤ ወጣቱም አልቻለም። ይህኛው ሁሉም ወገን የሳቀበት ነው።

ባለሙያው በሳቅ አልሸኛትም። እዚያው ሆኖ ለዶክተሯ ደወለ። ዶክተሯ አስጠራቻት፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ግፊቷን ለካች፣ ደም አስወሰደች። ውሃ አጥሯታል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። በውሃ የሚበጠበጠውን ጨው በትንሽ በትንሹ እንድትጠጣ፣ ሳይደወልላት እንዳትወጋ፣ ሆዷን አጥብቆ የሚይዝና የማይለቅ ሕመም ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድትሄድ ነገረቻት። ከዚያ የግማሹን ነገር ስትሰማ ዶክተሯ ደግማ አስነገረቻት። ይህችን ቃል ለስንት ሰው እንዳለች እያሰበች ነበር መሰል። አዲስ ወረቀት ስባ በትልቁ ጻፈችላት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፤ ይሄ ሙሉው ነው። «ግማሽ» የምትለውን ቃል ከዚያ በኋላ ለማንም አላለችም። ደግ አደረገች። ቀድሞ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደግ ነበር።

መቀስ ቤቷ ገብታ አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ በላች። ሆዷ ተቀበለው። ቁጭ ብላ ሌላ ጉድ እስኪመጣ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም።

አንድ እሁድ ዘለለችና ዶክተሯ ስትደውልላት እንደገና ጀመረች፤ አንድ መርፌ። ቦታውን በየሳምንቱ እየለወጠች፣ ዘንድሮ ግራው ተራ ጠብቆ ነው የሚወጋው እያለች ለእህቷ ታወራለች። መጠኑ ሲጨመር ትንሽ አቅለሸለሻት፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ ታውቀዋለችና አላስፈራትም። በሦስት ወር ሰባት ኪሎ ቀነሰች። ተአምር አይደለም። ጉልበት ግን ሰባት ኪሎ ያውቃል።

አለቃው ቀኑ ሲደርስ መጣ። መቀስ ሳይናገር ቀደመችው፤ ከፍ ያለ ወንበር ትፈልጋለች፣ ልክ ስታሰምር የምትቀመጥበት። መቁረጡን ቆማ ትቆርጣለች። አለቃው ራሱን አከከ። በሃያ ሰባት ዓመት ወንበር የጠየቀው ቆራጭ አልነበረም። በማግሥቱ ወንበሩ መጣ፤ የማሸጊያው ነገርም በዚያው ቀረ። ስለ መርፌው ደግሞ ለራዲዮ ራሷ ነገረቻት፤ እስከ ምሳ ፋብሪካው ሁሉ አወቀ። ሁለት ሴቶች ለብቻ ጠርተዋት ከእሷው ላይ ትንሽ እንድታካፍላቸው ለመኗት። ይሄ ክር አይደለም የምንዋዋሰው አለቻቸውና የዶክተሯን ክሊኒክ አድራሻ ሰጠቻቸው።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር አድርጉ። መድኃኒት፣ በተለይ መርፌ፣ ሲሰጣችሁ «ገባኝ» ብላችሁ አትውጡ። ውጭ ያለው ያንኳኳ። ባለሙያው ፊት ቁሙና «ቤቴ ገብቼ የማደርገውን ላሳይህ፣ አይተህ ንገረኝ» በሉት። እባካችሁ፣ አሳዩት።