እማማ ጥሩነሽ እንቢ ያሉበት ክረምት

ትናንት ወረታ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው እርጎ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ አዘዝኩ። ሐኪሜ ወተት ቀንስ ብሎኛል፤ ወረታ ተቀምጦ ወተት ቀንስ! እርጎው የወይራ ጢስ ይሸታል። አንዴ እንደተጎነጨሁ ሐሳቤ ቁሐር ሚካኤል፣ እማማ ጥሩነሽ ደጅ ደረሰ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ የዘይት ወይራን በአገሬው ወይራ ግንድ ላይ አዳቅዬ ለቁሐር ገበሬዎች አከፋፈልኩ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል። ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃው ስዞር፣ እማማ ጥሩነሽ ጓሮ ባለው ትልቅ ወይራ ቅርንጫፎች ላይ ሽምብራ የሚያካክል እባጭ አየሁ። ክው አልኩ። በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በዝናብ ወቅት በቢላ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ የወተት ቅል የሚያጥንበትን ወይራ የሚቆርጠው ከዚያ ዛፍ ነው። በዚያው ቢላ ቤቱ ሄዶ የእኔን ችግኝ ይገርዛል።

እማማ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅቤ ሸጠው የሚያድሩ፣ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ሰደው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ሰውን እንቢ በይ ነው የምትለኝ?»

«እስከ በጋ ብቻ ነው፣ እማማ። ያኔ የታመመውን ቆርጠን እናቃጥለዋለን።»

«ችግኙ ቢበላሽ አንተን ምን ያደርጉሃል?»

«ያባርሩኛል። ገበሬውም ሁለተኛ አያምነኝም።»

«በል፣ ለእኔ ተወው» አሉ።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው አያ ሞላ ቢላ ይዘው መጡ።

«ዘንድሮ አልሰጥም፣ አያ ሞላ። ዛፉ ታሟል፤ በሽታውን ቢላህ ደጅህ ድረስ ይወስደዋል።»

«ቢላ ደግሞ ለዛፍ በሽታ ያጋባል? ባልሽ ቢኖር እንዲህ አትዪኝም ነበር» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ሄዱ።

ያን ክረምት ሴቶቹ እማማ ጥሩነሽ ቤት መምጣት ተዉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አብሯቸው የሚሄድ ጠፋ። ንፉግ ተባሉ። በኋላ እኔው «ይተዉት፣ እማማ፤ ሰዎቹ ይቁረጡ» አልኳቸው።

«አርፈህ ብላ» ብለው ትኩስ የሩዝ ዳቦ በቅቤ ለቅልቀው ሰጡኝ።

በጋ ሲገባ፣ በቆረጥን ቁጥር ቢላውን እሳት ላይ እያገላበጥን የታመመውን ቅርንጫፍ ሁሉ አቃጠልነው። ከዚያ በየጓሮው ዞሬ ችግኞቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። እባጭ የለም። አያ ሞላም የራሳቸውን ችግኝ ከእኔ ጋር ዳሰሱ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው እማማ ጥሩነሽን ጠበቁ፤ ሰው ሁሉ እያየ እስከ ቤታቸው ሸኟቸው።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ባለሙያዎች በየስብሰባው «የቁሐርን ወይራ ያዳኑ» እያሉ ያስተዋውቁኛል፤ ሰውም ያጨበጭባል። እኔ እኮ ያን ክረምት ደመወዜን ተቀብዬ፣ ዳቦዬን በልቼ ነው ያሳለፍኩት። ንፉግ ተብለው የከረሙት እሳቸው ናቸው። ለእኔ ግን በዕድሜዬ ሙሉ የእሳቸውን ያህል የሰጠኝ ሰው የለም።