ሊቲየሙ የት ገባ

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ ናላዬን ሲያዞረው ከረመ፤ ሊቲየሙ የት ገባ?

ከሚሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ በክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ የስልክ ባትሪ የሚሠራበትን ሊቲየም ከአፋር የጨው ውሃ ማውጣት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ከማንጋኒዝ የተሠራ ጥቁር ዱቄት ውሃው ውስጥ ይጨመራል፤ ዱቄቱ ሌላውን ጨው ትቶ ሊቲየሙን ይይዛል። ከዚያ በቀጭን አሲድ ሲታጠብ የያዘውን ይለቃል።

ውሃውን ያመጣልኝ የጭነት መኪና የሚነዳ ጎረቤታችን ነው፤ ሃያ ሊትር፣ በጀሪካን። የዚያኑ ዕለት ጥቂት ቀድቼ አስመረመርኩ፤ ሊቲየም አለው። የኪራይ ክፍሌ እኔንና አልጋዬን ብቻ ስለሚችል፣ ጀሪካኑን ጨፋ ሮቢት ወስጄ አባቴ ቤት በረቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዱቄቱን ሠርቼ እስክጨርስ ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ከጀሪካኑ አምስት ሊትር ቀንሼ ወደ ከሚሴ ይዤ መጣሁ። ዱቄቱን ጨምሬ፣ አማስዬ፣ አጥልዬ ውሃውን ለምርመራ ላክሁት። ሊቲየም የለበትም! ዱቄቴ ጠራርጎ ወስዶታል ብዬ በደስታ ልፈነዳ ነበር። ዱቄቱን በአሲድ ሳጥበው ግን እዚያም የለም። ደገምኩት። ያው ነው። ከውሃው ጠፍቷል፣ ከዱቄቱ አልወጣም። ጥብቅ አድርጎ ይዞት ይሆናል ብዬ አሲዱን ባጠነክረው ዱቄቱ ራሱ ሟሟብኝ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጽፈሻል እያሉ ያርሙኛል።

የአማካሪዬ ትዕግሥት አለቀ። «አንዴ ሞክሪ፤ ካልሆነ ርዕስ ትቀይሪያለሽ» አለኝ። የሦስት ክረምት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው ማለት ነው። ለመጨረሻው ሙከራ የሚሆን ውሃ ልቀዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ።

አባቴ በረት ውስጥ ቆመው ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጭድ ላይ ውሃ ያርከፈክፋሉ። ላሟ ጭዱን ትልሳለች።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ አልሃምዱሊላህ። ምንድን ነው እሱ አባ?»

«ያንቺ ጨው ነዋ! ከብዳ ሳለች መኖ ጠልታብኝ፣ ወላሂ በዚህ ነው አፏ የተከፈተ።»

«ከጀሪካኑ ነው የቀዱት?»

«ታዲያ ባዶ አደረግኩብሽ? ጠዋት ማታ በቀዳሁ ቁጥር የጉድጓድ ውሃ ሞልቼ፣ የገበያ ጨው ጨምሬ፣ በምላሴ እየቀመስኩ አስተካከልኩልሽ። ጠብታ አላጎደልኩም።»

በእኛ ሰፈር የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ጎረቤት በሳህን ምግብ ቢልክልን ሳህኑን የምንመልሰው የሆነ ነገር አድርገንበት ነው። አባቴም ይህንኑ ነው ያደረጉት። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከገበያ ጨው ውስጥ ሊቲየም ስፈልግ ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ጠፋኝ። በሳቸው እንዳልናደድ፣ ጀሪካኑን ከወራት በኋላ ስከፍት እንደገና ያላስመረመርኩት እኔ ነኝ።

«አበላሸሁብሽ?» አሉ ፊቴን አይተው።

«የለም፣ አባ። ይቺ ጠርሙስስ?»

«እሷ ከመጀመሪያው ቀን የቀዳሁት ናት። የኋለኛውን ላሟ እምቢ ስትለኝ ይቺን ለሷ ቆጥቤ ያዝኳት።»

ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ አለው። ለምኜ ወሰድኩት። ላሟን አዩ፣ እኔን አዩና ሰጡኝ። ባጃጅ ላይም ሚኒባስ ላይም እንደ ሕፃን አቅፌው ከሚሴ ገባሁ።

በጠርሙሱ ውሃ ስሞክር ሊቲየሙ ከውሃው ወጣ፤ ዱቄቱን ሳጥበውም ተገኘ። ውጤቱን የያዘው ወረቀት ሲደርሰኝ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አማካሪዬ «ቀጥዪ» ብሎ ጻፈልኝ።

በሳምንቱ ጠርሙሱን ልመልስ ሄድኩ። ባዶውን አይሆንም፤ ከከሚሴ ገበያ ጥሩውን ጨው ገዝቼ፣ በጥብጬ፣ እስከ አፉ ሞላሁት። አባቴ ጭዱ ላይ አርከፈከፉት። ላሟ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

አባቴ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ምን ሆነች? ያው አይደለም እንዴ?» ብለው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ሁለት ወር እኔ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ፊት ነበር።

«ያው ነው፣ አባ» አልኳቸው።