ፕላስተር የተለጠፈበት ቁልፍ

ዛሬ ኮምፒውተሬ ያነብልኛል። በስክሪኑ ላይ ያለውን የሚናገረው ፕሮግራም ድሮ ዋጋው የማይቀመስ ነበር፤ አሁን በነጻ የሚገኝ አለ፣ ተመስገን ነው። ግን አቦ፣ ይሄ ድምፅ አያስልም፣ አይስቅም፣ ውሃ ልጠጣ ብሎ አይነሳም። የሞት ዜናውንም የሽንኩርቱን ዋጋም በአንድ ቃና ይለቀዋል። አንዳንዴ እናደድና አጠፋዋለሁ። ዝምታው ደግሞ ይብሳል፤ ወንድሜን ያመጣብኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ፣ አንባቢዬ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ፤ እሱ የባቡር ሠራተኛ ነው። ለክፍሌ የሚሆን የብሬል መጽሐፍ ስላልነበረ፣ ከሥራ ሲወጣ መጻሕፍቴን ጮክ ብሎ እያነበበ በካሴት ይቀዳልኝ ነበር። ካሴት እንደ ልብ አይገኝም፤ አንዱን ትምህርት ስጨርስ በላዩ ሌላ እንቀዳበታለን። የቴፑ መቅጃ ቁልፍ ብቻውን ቢጫኑትም ይቀዳል። በዳበሳ ስነካካ ተሳስቼ ያነበበውን እንዳላጠፋ ብሎ በዚያ ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጠፈልኝ። ጣቴ ፕላስተር ካገኘ፣ እሱን አልነካም።

ሲያነብ ጉደኛ ነበር። ስለ ወንዞች እያነበበ መሃል ላይ "ይሄን ዝለዪው፣ ፈተና ላይ አይመጣም" ይለኛል፤ የሚመጣው ግን እሱ ነው። አንዷ ካሴት ላይ እናታችን ከጓዳ ምሳህ ቀዘቀዘ እያለች ስትጣራ ይሰማል። እሱም "መጣሁ እማዬ" ይላታል፤ ከዚያ ወንበሩ ይንቋቋል።

ማትሪክ ለመፈተን በምዘጋጅበት ዓመት፣ ከሳቢያን ሰፈር ሲመለስ አፈሳ ገጠመው። ወጣቱን ከመንገድ እየለቀሙ ወደ ጦር ግንባር የሚጭኑበት ጊዜ ነበር። የሥራ መታወቂያዬ ይኸው ቢል ማን ሰምቶት። ከዚያ በኋላ የበላው ጅብ አልጮኸም። መርዶም አልመጣ፣ ሰላምታም አልመጣ። እናቴ ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ የሁሉም መልስ አላየሁም፣ አልሰማሁም ነው።

እኔ ደግሞ ማጥናት ነበረብኝ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ታነብልኝ ጀመር፤ ባዶ ካሴት ስለሌለ የምንቀዳው በወንድሜ ድምፅ ላይ ነው። አንድ በአንድ ጠፋ። ያቺን የምሳዋን ካሴት ግን እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እሷን የነካሽ ቀን ልጄ አይደለሽም አለችኝ። የቀራት እሷ ብቻ ነበረች። በየቀኑ ታስከፍተኛለች። እሱ "መጣሁ" ሲል "እሺ የኔ ጌታ" ትለዋለች፤ ከዚያ ሰሃን ስታነሳ እሰማለሁ። ልቆጣት እልና እተወዋለሁ፤ ለምን ብትሉ፣ እኔም የእግሩን ኮቴ እየጠበቅኩ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ለቅሶ ነው። ጎረቤታችን፣ ሶማሌዋ ባለሱቅ፣ በር ላይ እጄን ያዘችኝ። ወላሂ ማንም መርዶ ነጋሪ አልመጣም፣ እናትሽ ብቻዋን ቆይታ ጥቁር ለብሳ ወጣች አለችኝ።

ገብቼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔ ሳልኖር ድምፁ ናፈቃት፤ ራሷ ልትከፍተው ተነሳች። ቁልፎቹን አታውቃቸውም፣ ፕላስተሩን ግን ታያለች። ለዓይነ ስውር ልጅ ምልክት የሚደረገው መክፈቻው ላይ ነው ብላ እሱን ተጫነችው። ካሴቱ ዞረ። ጠበቀችው። ልጇ ዝም አላት።

ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት። "እማዬ፣ መቅጃውን ነው የተጫንሽው! ፕላስተሩ አትንኪ ማለት ነው። ዝም ያለው እሱ አይደለም፣ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው።"

እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

"ይሁን፣ እኔ ላጥፋው" አለችኝ። "ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት። አሁን ተዪኝ ላልቅስለት።"

ተውኳት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ በውል ሳላውቅ። ማትሪኩን አለፍኩ፤ ወንድሜ ግን ይኸው እስከ ዛሬ የለም።

ካሴቷን የከፈትኳት እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። የወንድሜ ድምፅ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ጠፍቷል። የእናቴ ትንፋሽ አለ፤ ከውጪ ጋሪ ያልፋል። ከዚያ ወደ ቴፑ ጠጋ ትልና "አንተ ልጅ፣ የት ነህ?" ትላለች። ዝም ትላለች፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ሰው እንደመለሰላት ሁሉ፣ በለሆሳስ፣ "እሺ፣ ገባኝ ልጄ። እረፍ" ትላለች።

በመሃል ምን እንደሰማች ለማወቅ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ደጋግሜ አዳመጥኩ። ካሴቱ ሲዞር ብቻ ነው የሚሰማው።